ኖራ የምትልሰው ልጄ

መጀመሪያ ያየኋት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ስቦርሽ ሚሚ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማ ነበር። ያኮረፈች መስሎኝ ጠራኋት። ዞር ስትል ከንፈሯም አገጯም ነጭ ሆኗል። ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ነው፤ አባቴ የሠራው፣ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በላዩ ኖራ የተቀባ የድሮ ቤት። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር የሆናት ልጄ ያንን ኖራ ትልሰዋለች ማለት ነው። ጎንበስ ብዬ ሳየው በእሷ አፍ ከፍታ ልክ፣ ከበሩ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ነጩ ተጠርጎ ቡናማው ጭቃ ብቅ ብሏል። የአንድ ቀን ሥራ አልነበረም።

እናቴ አልደነገጠችም። "አጥንቷ ፈልጎ ነው፤ አንተም በልጅነትህ ልሰሃል" አለችኝ፣ ነገሩ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ሙያ ይመስል። ለቡና የመጡት ጎረቤታችን ደግሞ ዘመናዊውን ቃል አከሉበት፤ "ካልሲየም አንሷት ነው ልጄ። ኖራ የሚልስ ሕፃን ካልሲየም የጠማው ነው። ግዛላት።" አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ምርመራውም ፍርዱም ተጠናቀቀ። ለእኔ የቀረኝ መግዛት ብቻ ነበር።

መግዛቱን ደግሞ ንቄው ነበር። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ በየማለዳው ከደሴ ተነሥቼ የሐረጎን ጠመዝማዛ እወርድና ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ ስደምርና ስቀንስ ውዬ ማታ ወደ ብርዱና ወደ ጉሙ እመለሳለሁ። ሦስት ዋጋ አወዳድሮ አንዱን መምረጥ የዕለት እንጀራዬ ነው። የአንድ ሕፃን ካልሲየም ምን ያቅተኛል?

በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠረጴዛችን ላይ ሦስት ዕቃ ተሰለፈ።

የመጀመሪያው ከጅዳ መጣ። ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ የእኛዋ ታናሽ እህቴ ናት። እናቴ በስልክ "ሚሚ ግድግዳ..." ብላ ሳትጨርስ፣ ወደ አገር ቤት በምትመጣ ጓደኛዋ ሻንጣ ውስጥ ድብ የሚመስሉ ባለቀለም ጄሊዎች የሞሉበት ዕቃ ደረሰን። ሁለተኛውን ፒያሳ ካለ መድኃኒት ቤት ገዛሁት፤ እንጆሪ እንጆሪ የሚሸት ነጭ ሽሮፕ። ሻጩ ዕድሜዋን እንኳን አልጠየቀኝም። "የልጅ ካልሲየም" አልኩት፤ "የልጅ ካልሲየም" ብሎ አቀበለኝ፤ ከፍዬ ወጣሁ። ሦስተኛው የኮምቦልቻ ነው፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ "የእኔ ልጆች በዚህ ነው ያደጉት" ብሎ ያስገዛኝ የሚታኘክ ክኒን።

ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ መነጽሬን አድርጌ የሦስቱንም ጽሑፍ ማንበብ ያዝኩ። ክኒኑ ላይ በጉልህ 1,250 ሚሊ ግራም ይላል። ሽሮፑ በእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር 625 ይላል። ድቦቹ ሁለቱ ፍሬ ተደምረው 200 ናቸው። በዚህ ሒሳብ ክኒኑ ያለ ተፎካካሪ አሸነፈ። እርሳሴን ላስቀምጥ ስል ግን ከታች በጉንዳን ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር ዐየሁ፤ 1,250ው የካልሲየም ካርቦኔት ክብደት ነው፣ በውስጡ ያለው ካልሲየም 500 ነው።

ይህ ለእኔ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። በየወሩ የደመወዝ መዝገብ ላይ የማየው ነው፤ ያልተጣራው በአንድ ዓምድ፣ ሠራተኛው እጅ የሚገባው በሌላ ዓምድ። ካልሲየም ብቻውን በክኒን አይመጣም፤ ከሌላ ነገር ጋር ተጣምሮ ነው የሚሸጠው፣ ጥምረቱም ዓይነት አለው። ካርቦኔት ከክብደቱ 40 በመቶው ካልሲየም ነው። ሲትሬት 21 በመቶ ገደማ ነው። ላክቴት 13፣ ግሉኮኔት ደግሞ 9 ብቻ። ስለዚህ "1,000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ግሉኮኔት" የሚል ሽሮፕ ገዝቶ ለልጁ 1,000 ሚሊ ግራም ካልሲየም እንደ ሰጠ የሚቆጥር አባት ላም አለኝ በሰማይ እያለ ነው፤ ወተቷ 90 ሚሊ ግራም ናት። ክኒኑን 500፣ ሽሮፑን 250፣ ድቦቹን 200 ብዬ አስተካክዬ ጻፍኩ። ድቦቹ ላይ የተጻፈው ከመጀመሪያውም የተጣራው ነበር። ከሦስቱ ትንሿን ቁጥር የያዘው እሱ ሆኖ ሐቀኛውም እሱ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ያዘኝ። ባለቤቴ "ኦዲት ጀመርክ" ትለኝ ነበር። ካርቦኔት ለመሟሟት የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር ይሰጣል፤ ሲትሬት ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል። ካርቦኔት አንዳንዱን ልጅ ሆድ ያደርቃል። ሰውነት በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ሲሰጠው በሚገባ አይቀበልም፤ ብዙ የሚያስፈልገው ሰው እንኳን ከፋፍሎ ይወስዳል እንጂ ጠዋት አንዴ ጥሎ አይገላገልም። የካርቦኔት ሽሮፕ ደግሞ የተሟሟ ሳይሆን በፈሳሽ ውስጥ የተንጠለጠለ ደቃቅ ዱቄት ነው፤ ሳይበጠበጥ ከተቀዳ የመጀመሪያው ሳምንት ጣፋጭ ውኃ ይሆናል፣ የመጨረሻው ሳምንት ጭቃ። በበነጋው የቤታችንን የሻይ ማንኪያዎች በመድኃኒት መስፈሪያ ለካኋቸው፤ የአንዱ ልክ ከሌላው አይገጥምም። እናቴ "አንድ ማንኪያ" የምትለው ከሠርጓ የተረፈው ማንኪያ ከሁሉም ትልቁ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ሽሮፕ ከገዛ ከዕቃው ጋር የሚመጣውን መስፈሪያ አይጣል።

ስለ ድቦቹ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። ከረሜላ ናቸው። ስኳራቸው ጥርስ ላይ ይጣበቃል፤ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ጉሮሮ ላይ ሊቆሙ የሚችሉ ናቸው። ከሁሉ የባሰው ልጁ መድኃኒት መሆናቸውን አለማወቁ ነው። ሚሚ አንድ ቀን ወንበር ጎትታ ወጥታ ዕቃውን በሁለት እጇ ስትታገለው ደረስኩባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው።

ሁለቱ ዕቃዎች ላይ ቫይታሚን ዲም ተጽፏል። አንዱ በማይክሮ ግራም፣ ሌላው አይ ዩ በሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ስለ ሆነ መጀመሪያ ሳያቸው አንዱ የሌላው አርባ እጥፍ መሰለኝ። እውነትም አርባ ነው ነገሩ፤ 1 ማይክሮ ግራም 40 አይ ዩ ነው፣ ስለዚህ 10 ማይክሮ ግራም እና 400 አይ ዩ አንድ ናቸው። ቫይታሚን ዲ ከሌለ አንጀት ካልሲየሙን እምብዛም አሳልፎ አያስገባም፤ ብዙው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ከዚህም ሌላ ከአጥንት ዱቄት ወይም ከባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተሠራ የሚባል፣ ማን እንደ መዘገበው የማይታወቅ ዕቃ ከማንም ሻንጣ ቢመጣ ለልጅ አልሰጥም፤ እንዲህ ያሉት እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊገኝባቸው ይችላል።

እንግዲህ የዕቃውን ወገን ጨረስኩ። የቀረው የሚሚ ወገን ነው። ስንት ያስፈልጋታል?

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በጋራ ያወጡት መመሪያ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለ ልጅ በቀን 500 ሚሊ ግራም ይላል። የአሜሪካኖቹ 700 ነው። ከሁለቱ ትልቁን ያዝኩና አንድ ነጭ ወረቀት ለሁለት ከፍዬ በግራ "የሚያስፈልግ 700"፣ በቀኝ "የሚገባ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ለሦስት ቀን ሚሚ አፍ የገባውን ሁሉ መዘገብኩ።

ወተት ከጠዋት ጀምሮ አለ። ከገራዶ በየቀኑ ቤታችን ድረስ የሚያመጣልን ሰው አለን፤ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ በጡጦ ይሞላል። ጠዋት ስትነሣ አንድ ጡጦ። ከረፋዱ እንቅልፍ በፊት አንድ። ከሰዓት በኋላ ስታለቅስ አንድ። ማታ ለመተኛት አንድ፣ አንዳንዴም ሌሊት ግማሽ። ጡጦዋ 240 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። የላም ወተት በየ100 ሚሊ ሊትሩ ወደ 120 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው። ደመርኩት፤ ሌሊቱን ሳልቆጥር 1,150 መጣ። ስህተት መስሎኝ እንደገና ደመርኩት።

ትርፍ ነበር። ልጄ ከሚያስፈልጋት በላይ 450 ሚሊ ግራም ትርፍ በየቀኑ ስታስመዘግብ ኖራለች፣ እኔ ደግሞ በኪሳራ ስም ሦስት ዕቃ ገዝቻለሁ። የእንጀራውን ጤፍ፣ የጎመኑን ቅጠል ገና አልጻፍኩትም።

ታዲያ ኖራውን ለምን ትልሳለች?

ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ከትቼ በማግሥቱ ወደ ሌላ መድኃኒት ቤት ሄድኩ፤ ክኒኑን ለመመለስ ሳይሆን የሚያነጋግረኝ ሰው ፍለጋ ነው። እዚያ ያገኘኋት ወጣት ፋርማሲስት ከእኔ ልጅነት ጓደኞች ልጅ አትበልጥም፤ ንግግሯ ግን የመምህር ነው። ወረቀቱን አየችና ፈገግ አለች። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ፤ ምግብ እንዴት ትበላለች? ከድሮው ይልቅ ይደክማታል? የዓይኗን የታችኛውን ሽፋን ዝቅ አድርገው አይተውት ያውቃሉ?

ምግብ አትበላም። ሁለት ጉርሻ ጎርሳ አፏን ታዞራለች። እኛ ደግሞ "ግድ የለም፣ ወተቷን ከጠጣች" እንል ነበር። ይደክማታል፤ ደረጃ ላይ "እቀፈኝ" ትላለች። የዓይኗን ሽፋን አላየሁትም።

"ግድግዳው ላይ ያለው ኖራ ከደረቀ በኋላ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ?" አለችኝ። አላውቅም ነበር። ኖራ ውኃ ተበጥብጦ ሲቀባ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ክኒን ማለት ነው። "ካልሲየም ጠምቷት ከሆነ የምትልሰው ራሱን ካልሲየሙን ነው፤ ታዲያ እስካሁን እንዴት አልረካችም?" በክርክር እንዲህ ተሸንፌ አላውቅም። ልጄ በነፃ ስትልስ የከረመችውን ነገር ነው እኔ እንጆሪ እያሸተትኩ በብር የገዛሁት። "ወደ ሐኪም ቤት ውሰዷትና ደሟን አስለኩ፤ አፈርና ግድግዳ የሚበሉ ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ የምናገኘው የብረት ማነስ ነው።"

ቤት ገብቼ በአውራ ጣቴ የሚሚን የዓይን ሽፋን ዝቅ አደረግኩት። ቀይ መሆን የነበረበት ነገር የነጣ የጽጌረዳ ቅጠል ይመስል ነበር።

የደሟ ልክ፣ ሄሞግሎቢን የሚሉት፣ 10.1 ሆኖ ተመዘገበ። በሰንጠረዡ ላይ በእሷ ዕድሜ ላለ ልጅ መነሻው 11 ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ጎደለ ብዬ ልጽናና ስል ሐኪሙ ደሴ የት እንዳለች አስታወሰኝ። 11 የባሕር ወለል መለኪያ ነው። እዚህ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የጤነኛ ሰው ደም ራሱን ያበዛል፤ መነሻውም ወደ 12 ከፍ ይላል፣ እንዲያውም ያልፋል። 10.1 ቆላ ላይ ካለው 10.1 ይልቅ እዚህ ጦሳ ተራራ ሥር የባሰ ጉድለት ነው። ስንቱን የደሴ ልጅ በቆላ ሚዛን መዝነን "ደህና ነው" ብለን መልሰን ይሆን እያልኩ ወጣሁ።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ወተቱ መሆኑን ለመቀበል ጥቂት ቀን ፈጀብኝ። ወተት እኮ ነው! በእኛ አገር ወተት የሚያጠጣ አባት ምንም አይጎድለውም። ነገር ግን ወረቀቴን አዙሬ ከጀርባው ሁለተኛ መዝገብ ከፈትኩ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን 7 ሚሊ ግራም ብረት ይፈልጋል። አንድ ሊትር የላም ወተት ውስጥ ያለው ብረት 1 ሚሊ ግራም አይሞላም። ሊትሩ ሆዷን ሞልቶ ለምስሩና ለሥጋው ቦታ አላስቀረም። በዚያ ላይ ካልሲየሙ ራሱ ያለችውን ትንሽ ብረት አንጀት ውስጥ እንዳትገባ ይጋፋታል። እኔ አስቀድሜ እንዳሰብኩት ቢሆን፣ በ1,150ው ላይ የክኒኑ 500 ቢጨመር፣ መርዝ አይሆንባትም ነበር፤ ለዚህ ዕድሜ የላይኛው ወሰን 2,500 ነው። ብረቷን ግን ይብሱን በር ይዘጋባት ነበር። በጎረቤት ምክር፣ በአባት ፍቅርና በእህት ሻንጣ ተባብረን የልጄን ደም ልናቀጥነው ነበር ማለት ነው።

ሐኪሙ የብረት ሽሮፕ በክብደቷ ልክ አስልቶ አዘዘ፤ የሆድ ትል መድኃኒትም ሰጣት፣ ግድግዳና መሬት የቀመሰ ልጅ ትል አይጠፋውምና። ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር አይበልጥ አለ፣ እሱም በጡጦ ሳይሆን በኩባያ።

ጡጦውን ማስጣል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች የልቅሶ ቤት አደረገን። ሚሚ ታለቅሳለች፤ እናቴ በሌላው ክፍል ሆና ሁላችንም እንድንሰማ አድርጋ ትተነፍሳለች። "በክፉ ቀን ስንት ልጅ ወተት አጥቶ የረገፈበት አገር ነው፤ አንተ ሞልቶ ከተረፈህ ትከለክላለህ" አለችኝ በአራተኛው ቀን። መልስ አልነበረኝም። በ1966 የወሎ ረሃብ ጊዜ እሷ ልጅ ነበረች፤ ወተት ለእሷ የቁጥር ነገር አይደለም። ወረቀቴን አውጥቼ ላሳያት አሰብኩና ተውኩት። ያሸነፈኝንም ያስታረቀኝንም ነገር ያመጣችው ራሷ ናት። "ጡጦውን ከከለከላችኋት አሬራ ትጠጣ፣ አይብ ትብላ፤ ቅቤም ጨምሩላት" አለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ቤታችን ወተት ምንም አላውቅም ነበር። እርጎው ተገፍቶ ቅቤው ሲወጣ ካልሲየሙ ከቅቤው ጋር አይሄድም፤ አሬራው ውስጥ ይቀራል። ቅቤ ካልሲየም የለውም ቢባል ይቀላል። ለአጥንት ተብሎ በልጅ ምግብ ላይ የሚጨመረው ቅቤ ኃይል ነው፣ ጣዕም ነው፣ አጥንት ግን አይደለም። አሬራው ደግሞ ለአይብ ተጥዶ ሲሞቅ፣ መጣጣው ካልሲየሙን ስለሚያሟሟው ብዙው ከአይቡ ወጥቶ ወደ አጓቱ ይሄዳል። አጓቱንስ ማን ይጠጣዋል? ውሻና ጥጃ። በየጓዳችን ቅቤው ለእንግዳ፣ አይቡ ለቤተሰብ፣ ካልሲየሙ ለጥጃ ሲከፋፈል ኖሯል። ይህንን ለእናቴ ስነግራት ሳቋን መያዝ አቃታት፤ "ለዚህ ነዋ የጥጃ እግር የማይሰበር!"

ከወተት ውጭ ያለው ወገንም አልከፋም። ሰሊጥ ከነገለባው ሲሆን ከወተት እጅግ የበለጠ ካልሲየም አለው፤ እናቴ አሁን ምጥን ዱቄት ስታስፈጭ ሰሊጥ አሳምራ ትጨምርበታለች፣ ዳጉሳም ከተገኘ። የሐበሻ ጎመን ካልሲየሙን ለአንጀት በቀላሉ ይለቃል። ጎመንና ቆስጣ በአንድ ሳህን ሲቀርቡ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ቆስጣ ግን የያዘውን ካልሲየም ኦክሳሌት በሚባል ነገር አስሮ ስለሚይዘው ብዙውን ይዞ ገብቶ ይዞ ይወጣል። ጤፍም ካልሲየም አለው፤ ሊጡ ሲቦካ ማዕድን የሚያስረው ነገር ስለሚቀንስ እንጀራው ከቂጣው ይሻላል። ስለ ጤፍ ብረት የምንሰማው ትልቅ ቁጥር ግን ከግማሽ መንገድ ቢመለስ ይሻላል፤ ብዙው አውድማ ላይ ከተቀላቀለው አፈር የመጣ ነውና ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። ሻይ ከዳቦ ጋር ለልጅ መስጠታችንንም ተውን፤ ሻይ ብረቱን ያስራል።

የብረት ሽሮፑን ከወተት በሁለት ሰዓት ርቀት፣ በብርቱካን ጭማቂ እንሰጣት ነበር። ጥርሷን እንዳያጠቁረው ወደ ኋላ ምላሷ ላይ። ሰገራዋ ጠቆረ፤ እናቴ የሽሮፑን ዕቃ ይዛ ወደ ውጭ ልትጥለው ስትወጣ በር ላይ ደረስኩባት። መጥቆሩ ያለ ነገር መሆኑን አስቀድሞ የነገረን ሰው ባይኖር ኖሮ እኔም ራሴ እጥለው ነበር።

ይህንን ጽፌ ሳበቃ "ካልሲየም የሚባል ነገር ለልጅ አያስፈልግም" ብሎ የሚያነብብኝ ሰው እንዳይኖር እፈራለሁ። የባለቤቴ ዘመድ ልጅ ወተት አይስማማውም፤ ከጠጣ ቆዳው ያብጣል። ቤቱ ጿሚ ስለሆነ ሕፃኑ ባይጾምም በጾም ወራት ድስቱ ከሥጋና ከእንቁላል ስለሚርቅ ከሽሮና ከዳቦ ውጭ ብዙ አያገኝም። በሦስት ዓመቱ እግሩ እንደ ቀስት ጎበጠ፤ የእጁ አንጓ ወፍራም ሆነ። ለእሱ ሐኪም ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ በወራት ቆጥሮ አዘዘለት፤ ትክክልም ነበር። የሕፃናት እግር እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ትንሽ መጉበጡ ያለ ነው፤ በሦስትና በአራት ዓመት ጉልበት ወደ ውስጥ መግባቱም እንደዚሁ። ጥርስ አንድ ዓመት ሞልቶት ሲበቅልም ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እየባሰ የሚሄድ ጉብጠት፣ የተወፈረ አንጓና ዘግይቶ መራመድ ግን ሐኪም ቤት የሚወስዱ ናቸው። በ1989 ዓ.ም. የታተመ፣ አዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ ጥናት በሳንባ ምች በተያዙ ልጆች ላይ ሪኬትስ የሚባለው ይህ የአጥንት መለስለስ በሽታ በሳንባ ምች ካልታመሙት ይልቅ በአሥራ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበዛ አሳይቷል፤ የአጥንቱ ነገር በአጥንት ብቻ አይቆምም። ናይጄሪያ ውስጥ ደግሞ ፀሐይ እየጠገቡ እግራቸው የጎበጠ ልጆች ተገኝተዋል፤ የጎደላቸው ካልሲየሙ ራሱ ነበር።

ፀሐይ ስል የደሴን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ክረምት ላይ ጉሙ ከአዝዋ ገደል ተነሥቶ ሲወጣ ቀኑን ሙሉ የጎረቤት ቆርቆሮ አይታይም። ብርድና ምችን ፈርተን፣ ዓይንንም ፈርተን ሕፃን በጋቢ ጠቅልለን እናስቀምጣለን። እናቴ ሚሚን ገና አራስ ሳለች ታሞቃት የነበረው በተዘጋ መስኮት ሥር ነው፤ መስታወት ሙቀቱን እያሳለፈ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር ግን እንደሚያስቀር ማናችንም አናውቅም ነበር። ጎሕ ሲቀድ ያለችው የዋህ ፀሐይም ለዚህ እምብዛም አትጠቅምም፤ ጥላችን ከቁመታችን በብዙ ሲረዝም ጨረሩ ደካማ ነው። አሁን እሑድ እሑድ ሚሚን ይዤ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ይቀንሳል፣ ሐረጎን ስናልፍ ጋቢው ይወልቃል፣ ቦርከና ዳር እጅጌዋን ሰብስበን ትሮጣለች። እናቴም አብራ ትወርዳለች፤ ከእኛ ሁሉ ፀሐይ የሚያስፈልጋት እሷ መሆኗን ግን አልነገርኳትም።

ዕቃዎቹ ምን ሆኑ? ሽሮፑ ሳይጀመር ለዚያ ወተት ለማይስማማው ልጅ ሄደ፣ ሐኪሙ አይቶ ከፈቀደ በኋላ። ድቦቹን በላሁአቸው፤ እውነቱን ለመናገር አይከፉም። ክኒኑ እናቴ ጋ ነው። ጉልበቷን ለማሳየት ስንሄድ ሐኪሙ አጥንቷ መሳሳቱን ነግሯት ካልሲየም ሲያዝላት ከቦርሳዋ የእኔን ክኒን አውጥታ "ይኼ ነው?" አለችው። አገላብጦ አየና "ይኼው ነው" አላት። ከምሳ በኋላ እያኘከች ወደ እኔ የምትመለከተው አስተያየት አለ።

ሚሚ በሦስተኛው ወር ደሟ 12.4 ገባ። ኖራውን ያቆመችው ግን ከዚያ ቀደም ብላ፣ መቼ እንደሆነ እንኳን ሳናውቅ ነው። በጳጉሜን ለአዲሱ ዓመት ግድግዳውን እንደገና አስቀባሁት። ሰውየው የተላሰውን ቦታ ሲያይ "አይጥ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ "አዎ" አልኩት። እንቁጣጣሽ ማለዳ በረንዳ ላይ ስወጣ ሚሚ እንደ ድሮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች። ልቤ ቀጥ አለ። ዞር ስትል አፏ ንጹሕ ነው፤ እጇ ላይ ከእናቴ ምድጃ የወሰደችው ከሰል አለ፤ ከበሩ እስከ ማዕዘኑ፣ በዚያው ከፍታ፣ አዲሱ ኖራ ላይ ላም ይሁን ድብ ያልለየሁት ነገር ሥላለች።